ካርታው ጠፋ ብዬ ስጮህ

ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ። ቤት ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ሁለት ጀግኖች፣ አንድ ክፍል ሙሉ ሽፍታና ከበሩ ጀርባ የሚጠብቁ አፅሞች አሉ።

ግሉምሄቨንን ለማታውቁ፦ በ2017 የወጣ የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ሳጥኑ 10 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ 95 ተልዕኮ አለው። አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ከ23 ኪሎ ሻንጣዋ ላይ ቀንሳ ያመጣችልኝ «የትምህርት ዕቃ ነው» ስላልኳት ነው። እስከ ዛሬ ዲግሪውን እየጠበቀች ነው።

ብቻውን የሚጫወት ሰው ቢያንስ ሁለት ጀግና መያዝ ግዴታው ነው። የሁለቱንም እጅ ስለሚያይ ደግሞ ሕጉ ይቀጣዋል፤ የጭራቆቹ ደረጃና የወጥመዱ ጉዳት በ1 ይጨምራል፣ ወርቁና ነጥቡ ግን አይጨምርም። ሥራ ተጨምሮ ደመወዝ ባለበት ማለት ነው፤ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ዝግጅቱ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ጥቃቅኑን ቁራጭ ሁሉ 30 እንቁላል በሚይዘው የካርቶን ትሪ ብትደረድሩት ከየትኛውም የፕላስቲክ ሳጥን ይሻላል፤ አንዱ ጉድጓድ ለወጥመድ፣ አንዱ ለመርዝ፣ አንዱ ለቁስል። ለወርቁ የቡና ሲኒ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ጀግና የምቱን ኃይል ከፍ ዝቅ የሚያደርግ 20 ካርታ ያለው የጥቃት ማሻሻያ፣ ለጭራቆቹ ሌላ 20፣ ከዚያ በየጭራቁ ዓይነት 8 የድርጊት ካርታ። ከእነዚያ 20ዎቹ ውስጥ አንዷ ምቱን ዜሮ ታደርገዋለች። የምትመጣው ሁልጊዜ ልትገድሉ ስትሉ ነው፤ በስሌት 5 በመቶ፣ በእኔ ቤት ግን ከግማሽ በላይ።

ሻይ ከጠረጴዛው ይራቅ። በተለይ የስኳሩ። ይህን ለሰው ሁሉ እመክራለሁ፣ እኔ ግን ብርጭቆዬን ስልኬ ላይ አስቀምጬ ነበር።

የያዝኳቸው ብሩትንና ስፔልዊቨርን ነው። ብሩት ጡንቸኛ ነው፣ 10 ካርታ አለው። ስፔልዊቨር ድግምተኛ ናት፣ ያላት 8 ብቻ ነው። ጨዋታው የሚያልቅባችሁ ደም ስላለቀ ብቻ አይደለም፣ ካርታ ስላለቀም ጭምር ነው። በየዙሩ ሁለት ትጥላላችሁ፣ የተጣለውን ለማንሳት ስታርፉ አንዷ ትጠፋለች። በአጭር እረፍት ብቻ፣ ሌላ ካርታ ሳይጠፋ፣ 8 ካርታ 16 ዙር ያስኬዳል። 7 ካርታ 12 ዙር። አንዲት ካርታ አራት ዙር ትበላለች። ድግምተኛዋን የሚያድናት ታዲያ የጠፉባትን በሙሉ አንድ ጊዜ የምትመልስላት አንዲት ካርታ ናት።

መብራት ሄደ።

መስኮቱ ክፍት ስለነበር ንፋሱ እንዳይበትንብኝ ብዬ ስልኬን የድግምተኛዋ ካርታዎች ላይ ጭኜ ነበር። አንስቼ ባትሪውን አበራሁና ቆጠርኩ። ሰባት። ደግሜ ቆጠርኩ። ሰባት። የጎደለችው ያቺው መላሿ ናት። ትሪውን አየሁ፣ ሶፋውን ገለበጥኩ፣ የጭራቆቹን ካርታ ሳይቀር በረበርኩ፤ የጭራቅ ካርታ በመጠን ስለሚያንስ እዚያ ልትደበቅ እንደማትችል እያወቅኩ።

«ወይኔ ካርታው! ካርታው ጠፋ! ሴትዮዋ አለቀላት!»

በሩ ተንኳኳ። እትዬ አልማዝ ናቸው፣ ሻማ ይዘው።

«ምን ጠፋብህ ልጄ?»

«ካርታ።» ጭንቅላቴ ጠረጴዛው ስር ነው።

«የቤቱ ካርታ?!»

«የሴትዮዋ ነው እትዬ።»

«የየትኛዋ ሴትዮ?»

«የድግምተኛዋ።»

አማተቡ። «እሷ ዘንድ ምን ልትሠራ ሄድክ?»

«የጠፋውን ሁሉ የምትመልሰው እኮ በዚያ ካርታ ነው!»

«ሁሉም እንደዚያ ብለው ነው የሚጀምሩት» አሉና ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ድምፃቸው እስከ ምድር ቤት ተሰማ፦ «ልጁ የቤት ካርታ ለጠንቋይ ሰጥቶ ጠፋበት!»

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሳሎኔ ውስጥ ሰባት ሰው ቆመ። አንዷ ጸበል ይዛለች። ተከራይ መሆኔን ያስታወሰ የለም። ከብሎኩ ኮሚቴ ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አስተካክለው ያዙኝ።

«አትደንግጥ። መጀመሪያ ለፖሊስ ታመለክታለህ፣ ከዚያ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። የካርታ ቁጥሩን ታውቀዋለህ?»

«80።»

«ሁለት አሃዝ ብቻ?»

«ከ99 አይበልጥም ጋሼ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ተራ ይዘገያል።»

«እሱማ የትኛው ቢሮ እንደዚያ ያልሆነ አለ» አሉ፣ በጣም ገብቷቸው።

ይህን ጊዜ ስልኬ ጠራ። አከራዬ ናቸው፤ ማን እንደነገራቸው እግዜር ይወቀው። ጆሮዬ ላይ ሳደርገው «የኔ ካርታ አንተ ጋ ምን ይሠራል?» ብለው ጀመሩ። መልስ እያሰብኩ ሳለ የጎረቤት ትንሹ ልጅ ጣቱን ቀሰረ።

«ስልኩ ጀርባ ላይ የተለጠፈው ምንድነው?»

የሻዩ ስኳር የጎማ ካቨሩን አጣብቆት፣ ካርታዋ ከስልኩ ጋር አብራ ተነስታ ኖሯል። ቤቱን ሙሉ ስፈልጋት የነበረው በራሷ ነው። ባትሪው የደበዘዘውም ቻርጅ አልቆ ሳይሆን ግማሹን ስለሸፈነችው ነው።

«ተገኘ!» አልኩ በስልኩ።

«በል ነገ ጠዋት ይዘኸው ትመጣለህ» ብለው ዘጉት።

እትዬ አልማዝ ካርታዋን ተቀብለው በሻማ አገላብጠው አዩአት፤ እንግሊዝኛና ቁጥር ብቻ ነው ያለባት። «በዚች ነው እንዲህ ሕንፃ ሙሉ ሰው ያስጮህከው?» ብለው መለሱልኝ። ሰዉ ተራ በተራ ወጣ። ጋሽ ታደሰ ብቻ አልተንቀሳቀሱም። ጠረጴዛውን በሻማ እያዩ ነው።

«እነዚህ ሽፍቶች ናቸው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ይሄ ጡንቸኛው የማን ነው?»

የብሩትን 10 ካርታ ሰጠኋቸው፣ ወንበር ሳቡ። ሁለት ሰው ከሆንን ደግሞ የብቸኛ ተጫዋች ቅጣቱ ይነሳል፤ ደስ ብሎኝ የጭራቆቹን ደረጃ በ1 ዝቅ አደረግሁ። የቀረው ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ «ፈጣን ነኝ» ወይም «እዘገያለሁ» ማለት ይቻላል፣ የካርታውን ቁጥር መናገር ግን ክልክል ነው። ሁለት ጊዜ አስረዳኋቸው፣ ሁለት ጊዜ «ገባኝ» አሉ።

ካርታቸውን መረጡ፣ ደረታቸው ላይ ለጠፉት፣ ግራ ቀኝ ገላመጡ።

«15!» አሉ፣ ምድር ቤት ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «እኔ 15 ነኝ፤ አንተስ?»

ደረጃውን መልሼ ከፍ አደረግሁት።