ቦይለሩ የት ይቀመጥ?

ሰሞኑን ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የወንዝ መርከቦች እያነበብሁ ነው። ለዓመታት በቦይለር (ውኃ አፍልቶ ሞተር የሚያንቀሳቅስ እንፋሎት በሚያመነጨው ጋን) ክፍል ስለሠራሁ፣ ሌላው አንባቢ መድፉንና ብረቱን ሲመለከት የእኔ ዓይን የሚያርፈው እንፋሎቱ ላይ ነው።

የሰሜኑ ወገን፣ ማለትም የፌዴራሉ መንግሥት፣ የባሕር ኃይል መኮንን ጆን ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1861 ታይለር፣ ሌክሲንግተንና ኮነስቶጋ የተባሉትን ሦስት መርከቦች ሲንሲናቲ ላይ ሲገዛ፣ መርከቦቹ መንገደኛና ጭነት ለማመላለስ የተሠሩ እንጂ ጥይት ይመክታሉ ተብለው የታሰቡ አልነበሩም። የወንዙ ውኃ በበጋ ስለሚጎድል የእንዲህ ዓይነቱ መርከብ ሆድ ጥልቀት የለውም፤ ስለዚህም ቦይለሩ ከላይ፣ ወለሉ ላይ፣ በስስ ሳንቃ ተከቦ ይቀመጣል። ሮጀርስ ጎናቸውን 5 ኢንች ውፍረት ባለው የኦክ እንጨት አስለበሰ። ከዚያ ይልቅ እኔ የማደንቅለት ግን ቦይለሮቹንና የእንፋሎት ቧንቧዎቹን ወደ መርከቡ ሆድ ማስወረዱን ነው። ኦክ የጠመንጃ ጥይት ያቆማል፤ የመድፍ ጥይትን ግን አያቆምም። ቦይለር ከቦታው ማንሳትም ቀላል ሥራ አይደለም፤ ቧንቧውን ሁሉ ፈትቶ፣ ቆርጦና አስተካክሎ እንደገና መግጠም ይጠይቃል፤ አንድ መጋጠሚያ ከላላ ደግሞ አደጋው የሚደርሰው በራሱ ሠራተኛ ላይ ነው። መርከቦቹ የኦሃዮ ወንዝ ጎድሎባቸው ከዘገዩ በኋላ በኦገስት ወር ኢሊኖይ ውስጥ ወዳለችው ካይሮ ደረሱ።

ለመገንጠል የተዋጉት ደቡቦቹ በበኩላቸው ብረት ስላጠራቸው በመርከቦቻቸው ሁለት የእንጨት ግድግዳዎች መካከል የተጨመቀ ጥጥ ጠቀጠቁ። ጁን 6 ቀን 1862 ሜምፊስ ፊት ለፊት በተደረገው ውጊያ ከስምንት መርከቦቻቸው ያመለጠው አንድ ብቻ ነበር።

ደጋግሜ የማስበው ግን ስለ ሰሜኖቹ መርከብ ስለ ኤሴክስ ነው። ኤሴክስ ቀድሞ ኒው ኢራ የምትባል፣ ሰው ከዳር ወደ ዳር የምታሻግር መርከብ ነበረች፤ ለውጊያ ተለውጣ ብረት ለበሰች። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1862 በቴነሲ ወንዝ ላይ ፎርት ሄንሪ የተባለውን የደቡቦቹን ምሽግ ስትደበድብ አንድ የመድፍ ጥይት ግድግዳዋን ሰብሮ ገብቶ ቦይለሯን በሳ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመገመት መጽሐፍ አያስፈልገኝም። ነጭ ሆኖ የሚታየን እንፋሎት ቀድሞውኑ የቀዘቀዘው ነው፤ ከቀዳዳው እንደ ወጣ ያለው እውነተኛው እንፋሎት ለዓይን አይታይም፤ ሰው መኖሩን የሚያውቀው ሲነካው ነው። ጥይት እንዳያስገባ የተሠራው የተዘጋ ግድግዳም እንፋሎቱን ከነሰዎቹ ዘግቶ ያዘው። እንፋሎት ወደ ላይ ስለሚወጣ መርከቧን ይመሩ የነበሩት ሁለቱ ፓይለቶች ከላይ ባለው ክፍላቸው ሞቱ፤ አዛዡ ዊሊያም ፖርተርም ክፉኛ ተቃጠለ። በጠቅላላው የሞቱት፣ የቆሰሉትና የጠፉት ከ30 ይበልጣሉ። ምሽጉ በዚያው ዕለት እጁን ስለሰጠ ቀኑ በድል ይታወሳል፤ ለእኔ ግን በመጀመሪያ የሚታሰበኝ የእነዚያ ሰዎች ስቃይ ነው።

ከአራት ወር በኋላ፣ ጁን 17፣ አርካንሳስ ውስጥ በኋይት ወንዝ ላይ ተመሳሳይ ነገር ደረሰ። ማውንድ ሲቲ ከነባር መርከብ የተለወጠች ሳትሆን ለጦርነቱ ተብላ እንደ አዲስ የተሠራች ብረት ለበስ ነበረች፤ የእንፋሎት ማጠራቀሚያዋ በአንድ ጥይት ሲበሳ ግን ከ100 በላይ ሰዎች አለቁ። እየተቃጠሉ ወደ ወንዙ ከዘለሉት መካከል ከዳር በተተኮሰባቸው ጥይት የሞቱ አሉ፤ ይህን ሳነብ መጽሐፉን ለጊዜው አጥፌ አስቀምጫለሁ።

በዚያው ዓመት ሰሜኖቹ ለጥልቀት አልባ ወንዞች ተራ የጭነት መርከቦችን እየገዙ ስስ ብረት ማልበስ ጀመሩ፤ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ቁጥራቸው ከ60 በላይ ደረሰ። አብዛኛው አካላቸው የጠመንጃ ጥይት ብቻ የሚመክት ሆኖ ሳለ ወፈር ያለው ብረት የተመደበው በቦይለሩና በፓይለቱ ክፍል ዙሪያ ነው፤ እኔም ብሆን ያለኝን ብረት የማውለው እዚያው ነበር።