የሐረጎ ቁልቁለትና የፊት ጎማዬ

ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ የሐረጎን ተራራ ተሻግሮ ወደ 600 ሜትር ከፍ ይላል። እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ፣ እናቴ የምትኖረው ደሴ ስለሆነ፣ ቅዳሜ በብስክሌት ወጥቼ እሑድ ከሰዓት በኋላ መውረድን ልማድ ካደረግሁ ዓመታት ተቆጥረዋል። ዳገቱ ጉልበት ይፈጃል እንጂ ብዙም አያሰጋም፤ በዝግታ የሚሄድ ሰው ጉድጓዱንም ድንጋዩንም አይቶ ያልፋቸዋል። ሁለት ቸርኬ ያበላሸብኝና የግራ እጄን አንጓ ለስድስት ሳምንት በጄሶ ያሳሰረኝ ቁልቁለቱ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ፣ አንድ እሑድ፣ ዝናቡ ካባራ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ከደሴ ተነሣሁ። ጉሙ ከተራራው ገና አልተገፈፈም ነበር። ከአንድ መታጠፊያ እንደ ወጣሁ በቀኝ በኩል፣ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ፣ ውሃ ተኝቶ አየሁ፤ ከኋላዬ የጭነት መኪና ድምፅ ስለሰማሁ ወደ መሃል ገብቼ ልዞረው አልደፈርኩም፣ ሰንጥቄው ለማለፍ ወሰንኩ። ከላይ ሲታይ ጣት የማያሰጥም የሚመስለው ውሃ ከሥሩ ከስንዝር የሚጠልቅ፣ አፉ የሰላ ጉድጓድ ነበረው። ጎማዬ ሲሰምጥ ሲሰማኝ ሳላስብ የፊት ፍሬኑን ጨምድጄ ያዝኩ፤ የጣለኝም እሱ ነው። የመኪናው ሾፌር ርቀቱን ጠብቆ ይነዳ ስለነበር በጊዜ ቆመ፤ ከረዳቱ ጋር አንሥተውኝ፣ ብስክሌቴን ከጭነቱ ላይ አስረው ኮምቦልቻ አደረሱኝ። ስማቸውን ሳልጠይቅ መለያየቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሰፈራችን ጎሚስታ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ብስክሌት የሚጠግኑልኝ ሰው ናቸው። ቸርኬውን አሽከርክረው ካዩ በኋላ፣ «አብሽር ልጄ፣ እጅህ ይድናል፤ ይህን ግን አላድነውም» አሉኝ። ቀጥለው ካላማዳሪውን ነፍተው ውሃ ውስጥ ነከሩትና እባብ የነደፈው የሚመስሉ፣ ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች አሳዩኝ። «ንፋሱን መቼ ነው ያየኸው?» ሲሉኝ፣ በጣቴ ጫን ጫን ከማድረግ በቀር ለክቼው እንደማላውቅ ነገርኳቸው። እሾህ የሚበሳው አንድ ቀዳዳ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥንድ ቀዳዳ የሚወጣው ግን ንፋሱ ያነሰ ጎማ የጉድጓዱን ከንፈር ሲመታ፣ ካላማዳሪው ከቸርኬው ሁለት ጠርዞች ሥር ስለሚቆነጠጥ ነው። በቂ ንፋስ ቢኖረው ኖሮ ከምቱ ብዙውን ጎማው ይውጠው ነበር፤ ስላልነበረው ቸርኬው ተቀበለው። በ26 ኢንች ጎማዬ ጎን ላይ ከ40 እስከ 65 ፒ.ኤስ.አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ተብሎ ታትሟል። አሁን ከመነሣቴ በፊት እለካለሁ፤ የፊቱን 50፣ ብዙውን ክብደት የሚሸከመውን የኋላውን 55 አደርገዋለሁ።

ስለ ሽቦዎቹም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቸርኬ ክብነቱን የሚጠብቀው ከመካከሉ በተወጠሩት ሽቦዎች ነው፤ አንዱ ሲላላ ጫናው ወደ ጎረቤቶቹ ያልፋል፣ እነርሱም በተራቸው ይላላሉ ወይም ይበጠሳሉ። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ብስክሌቱን ገልብጬ ጎማውን አሽከረክራለሁ፣ በቸርኬውና በፍሬኑ መካከል ያለውንም ክፍተት አያለሁ። ወደ ግራ ያዘነበለበት ቦታ ካለ፣ እዚያው ያለውን የቀኝ ሽቦ ሩብ ዙር አጠብቄ የግራውን በዚያው ልክ አላላለሁ፤ ከዚያ ደግሜ አሽከረክራለሁ። ቸኩሎ በአንድ ጊዜ ብዙ ማጥበቅ ሌላ ጠማማ ይፈጥራል። በምት ወደ ውስጥ የተሰረጎደ ቸርኬ ግን በሽቦ አይቃናም፤ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ያነጥራል፣ እንዲህ ባለ ቸርኬም ማንም ሰው ሐረጎን እንዲወርድ አልፈልግም።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ነገር የመጣው ግን እጄ በጄሶ ሳለ ነው። ብስክሌት መንዳት ስላልቻልኩ እሑድ እሑድ በሚኒባስ ወጥቼ፣ ደብተር ይዤ፣ ቁልቁለቱን በሦስት ከፍዬ በእግሬ ወረድኩት። ጉድጓዶቹ እንዳሰብኩት በየቦታው የተበተኑ አልነበሩም፤ አብዛኞቹን ያገኘኋቸው ቦዩ ተደፍኖ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ አስፋልቱን በሚያቋርጥበት ቦታ ነው። ውሃ በስንጥቅ ይገባል፣ ከሥር ያለውን ንጣፍ ያለሰልሳል፤ ከባድ መኪና ሲያልፍበት የለሰለሰው አፈር ከውሃው ጋር ተገፍቶ ይወጣል፣ ከሥሩ ባዶ የቀረው አስፋልትም ይሰበራል። ስለዚህ ዛሬ ጎርፍ ያለፈበትን የደለል መስመር ገና ከሩቅ ሳይ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ።

ጠርዙ ሌላ ጉዳይ ነው። ሚኒባሶች ሰው በሚጭኑበትና በሚያወርዱበት ቦታ አስፋልቱ ተሸራርፎ፣ የዳሩ አፈርም ተጠርጎ፣ በመካከላቸው ስንዝር የሚያህል እርከን ቀርቷል። ከዚያ የወረደ ብስክሌተኛ እየነዳ በሰያፍ ልመለስ ቢል ጎማው ጠርዙን ታክኮ ይንሸራተትና ወደ መኪናዎቹ ይጥለዋል፤ ቆሞ ብስክሌቱን አንሥቶ መመለስ አለበት። በመታጠፊያዎቹ ውስጠኛ ወገን ዝናብ ያወረደው ጠጠር ተበትኖ ይገኛል። ወደ ኮምቦልቻ ሲቃረቡ ለአጥር የሚጎተት የግራር ቅርንጫፍ እሾሁን መንገድ ላይ ያንጠባጥባል። በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱት ከባድ መኪኖችም የፈነዳ ጎማ ቁራጭ ጥለው ያልፋሉ፤ ከቁራጩ የሚወጣው ቀጭን የብረት ሽቦ ጎማ ውስጥ ተሰክቶ ሲቀር በዓይን አይለይም። ስለዚህ አዲስ ካላማዳሪ ከማስገባቴ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ እዳስሳለሁ፤ ጨርቁ የተያዘበት ቦታ ሽቦው አለ። ይህን ሳላደርግ በቀየርኩበት ቀን አዲሱ ካላማዳሪ መቶ ሜትር እንኳ ሳልሄድ ተንፍሷል።

ከተማ ውስጥ የሚያስፈሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የተሰበረ የቦይ ክዳን፣ እንዲሁም ዘንጎቹ ከመንገዱ ጋር በአንድ አቅጣጫ የተዘረጉ የፍሳሽ ፍርግርግ። ቀጭን ጎማ በዘንጎቹ መካከል ከገባ ብስክሌቱ ባለበት ሲቆም ሰውየው ብቻውን ወደ ፊት ይሄዳል።

በጥቅምት ወደ ብስክሌቴ ስመለስ አነዳዴን ለወጥኩ። ለመኪና ቦታ መልቀቅ ጨዋነት መስሎኝ ጠርዙን ታክኬ እነዳ ነበር፤ ጉድጓዱ፣ ጠጠሩ፣ እሾሁ ሁሉ ያለው ግን ጠርዙ ላይ ስለሆነ አሁን አንድ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቼ እነዳለሁ። ይህም ከኋላ የሚመጣው ሾፌር ቀድሞ እንዲያየኝ ያደርጋል፤ እኔም ድንገት ወደ መሃል መጠምዘዝ አያስፈልገኝም። ዓይኔን ከፊት ጎማዬ አንሥቼ ከ15 እስከ 20 ሜትር አርቄ እጥላለሁ፤ ጉድጓድ ሳይም በጎኑ ያለውን ደህና አስፋልት እመለከታለሁ እንጂ ጉድጓዱ ላይ አላፈጥም፣ ብስክሌት ዓይን ወደ ሄደበት ይሄዳልና። ፍሬን ከመታጠፊያው በፊት እይዛለሁ፤ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ቸርኬው እርጥብ ስለሆነ ፍሬኑ መጀመሪያ ውሃውን ጠርጎ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ በጣም ቀደም ብዬ እጀምራለሁ። ማምለጥ የማይቻል ጉድጓድ ቢገጥመኝ እስከ አፋፉ ፍሬን ይዤ፣ ልገባ ስል እለቅቃለሁ፤ ከመቀመጫው ተነሥቼ ክንዴንና ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ ክብደቴን ወደ ኋላ እወስዳለሁ። ፍሬን እንደተያዘ መግባት የሰውየውን ክብደት በፊት ጎማ ላይ ይጭናል፤ የእኔንም ቸርኬና እጅ የጎዳው ይኸው ነው።

የጣለኝን ጉድጓድ በተመለከተ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ አመለከትኩ፤ እንደሚጠገን ተነገረኝ፣ አልተጠገነም። በኅዳር የአካባቢውን ወጣቶች አነጋግሬ በገረጋንቲ ሞላነው፤ የበልጉ ዝናብ ሲጥል በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠርጎ ወሰደው። የተሳሳትነው ውሃው የሚመጣበትን ሳንነካ ጉድጓዱን ብቻ በመሙላታችን ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ግማሽ ቀን ሙሉ የተደፈነውን ቦይ ጠረግን፣ ከዚያ ገረጋንቲውን በስስ በስሱ እየደረብን ደበደብነው፣ ዙሪያውንም ሾፌሮች እንዲያዩት በኖራ ቀባነው። ያ ክረምቱን አለፈ።

ደብተሬን አሁንም ይዣለሁ፤ በበልግና በክረምት የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ካለፈ በኋላ ቁልቁለቱን በእግሬ እወርደዋለሁ፣ ባለፈው ዓመት ደህና የነበረው ቦታ ዘንድሮ ደህና ላይሆን ይችላልና። ባለፈው እሑድ ከሞላነው ጉድጓድ በታች ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ አዲስ ስንጥቅ አገኘሁ፤ ቦዩም በደለል መሞላት ጀምሯል። ከወጣቶቹ ሁለቱ ቅዳሜ ጠዋት አካፋ ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኛል፣ ኖራውን የምወስደው እኔ ነኝ።