ሁለት ጣት የማያሳልፍ መረብ

ባሕር ዳር የገባሁ ለት መብራት ጠፋ። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ቦታ ከሆቴሉ ሩቅ አይደለም። ከጣና ምዕራብ ዳርቻ ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችል ጣቢያም አለን። እኔ ግን ፎጣዬን የፈለግሁት በሞባይል ብርሃን ነው። ሆቴሉ ጄኔሬተር አስነሳ፤ ጭሱ በመስኮት ገባ። ብዘጋ ወበቅ፣ ብከፍት ናፍጣና ቢንቢ። ለዚህ 1,400 ብር! አዲስ አበባም መብራት ይጠፋል፤ እዚያ ግን ብርድ ልብስ ተከናንቦ ለጥ ማለት ነው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ዘጌ የሚሻገር ጀልባ ጠየቅሁ። 4,000 ብር ተባልኩ።

«ቤንዚኑን ከጥቁር ገበያ ነው የገዛነው፣ ጋሼ» አለኝ ልጁ። የማደያውን ሰልፍ ስመጣ አይቼው ስለነበር ብዙ አልተከራከርኩም። 3,200 ከፈልኩ። ማታ የሆቴሉ ዘበኛ «በ2,000 ይወስዱህ ነበር» አለኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

መሐል ላይ ልጁ ሞተሩን ቀነሰ። ማገዶ የጫነች ታንኳ እየመጣች ነበር፤ ማዕበላችን እንዳይገለብጣት ብሎ ነው። ታንኳዋ የደንገል ናት። ውኃ ስትጠጣ ትከብዳለች፤ ዳር ላይ ትደርቃለች፤ ከወራት በኋላ ትጣላለች። ደንገሉ ግን መልሶ ይበቅላል። ቀዛፊው አንድ ጠብታ ቤንዚን ሳያቃጥል አለፈን። የጫነው እንጨት ግን የስንት ዓመት ዛፍ ይሆን?

ዘጌ ጥላ ሥር የበቀለ ቡና፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ፎቶ፣ መመለስ። ይህን ብዙዎች ጽፈውታል።

ምሳ ሐይቁ ዳር የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ አዘዝኩ። የመጣው መዳፌን አያክልም። አጉረመረምኩ። አብሳይዋ «እኔን ምን አድርጊ ትለኛለህ? እሳቸውን ጠይቅ» ብላ መረብ ወደሚጠግኑ አዛውንት ጠቆመችኝ።

ሄድኩ። አባት ሁለት ጣታቸውን ከመረቡ ዓይን ሊያስገቡ ሞከሩ፤ አልገባም። «ድሮ እጄ ያልፍ ነበር» አሉ።

«ትልልቁ ዓሣ የት ገባ?»

«ክረምት ነጩ ዓሣ እንቁላል ሊጥል ወደ ርብና ጉማራ ይወጣል። እኛ ደግሞ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግተን እንጠብቀዋለን። እናቲቱን ከነእንቁላሏ።»

ክፍል ውስጥ ሰሌዳውን ለሁለት ሳሰምር ዓሣን ሁልጊዜ የምጽፈው «ታዳሽ» ከሚለው ሥር ነው፤ ነዳጅን ማዶ። እንደ እውነቱ ከሆነ በዚህ ሐይቅ ያለ ችግር ሲታደስ የከረመው እምቦጭ የሚሉት አረም ነው፤ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከታየ ወዲህ ስንት ሕዝብ በእጁ ነቅሎት እንኳ አላለቀም።

«እያወቃችሁ ታዲያ ለምን?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አንተ ደሞዝ ሳይወጣ ተበድረህ አታውቅም?»

ሳቅሁ። መምህር መሆኔን አልነገርኳቸውም። ተመልሼ ቆሮሶዬን እሾኹን እየለቀምኩ በላሁ፤ 350 ብር።