ከማን?

የመጀመሪያውን የሥነ ሕዝብ ፈተናዬን ወድቄያለሁ። ብዙ ጥያቄ ነው የሳትኩት፤ አንዷ ግን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ከመልሴ አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ቃል ብቻ ተጽፋለች። «ከማን?»

ጥያቄው ቀላል ነበር። አንድ ከተማ 200,000 ነዋሪ አለው። በዓመቱ 6,000 ሕፃናት በሕይወት ተወለዱ። በዚያው ዓመት 1,600 ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹ 240ዎቹ አንድ ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። የሕፃናት ሞት መጠን ስንት ነው? ቀመሮቹን ሌሊቱን ሙሉ ስሸመድድ ነው ያደርኩት። 240ን ለ200,000 አካፈልኩ፣ በ1,000 አባዛሁ፣ 1.2 ብዬ ጻፍኩ። ደስ ብሎኝ ወደ ቀጣዩ አለፍኩ።

አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ጃፓን እንኳ ከ1,000 ሕፃናት ወደ 2 የሚጠጉ ታጣለች። የፈተናውን ከተማ ከጃፓን አስበልጬ ቁጭ! እዚያ ከተማ ውስጥ አንድ ዓመት ሳይሞላው ሊሞት የሚችለው ማን ነው? የ40 ዓመት ጎልማሳማ አልፎታል። የሚመለከታቸው የተወለዱት 6,000 ሕፃናት ናቸው። 240 ለ6,000 ሲካፈል፣ በ1,000 ሲባዛ 40 ይመጣል። የእኔ 1.2 እና ትክክለኛው 40 የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ የለያያቸው ግን ከመስመሩ በታች የተቀመጠው ቁጥር ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ የትኛውንም መጠን ሳይ ከላዕሉ አልጀምርም። መጀመሪያ ታህቱን ነው የማየው። ሰሞኑን ለፈተና የሚዘጋጁ ልጆችን እያስጠናሁ ነው። ሲሳሳቱ የማየው ስህተት ደግሞ የራሴው ነው። ስለዚህ ጽሑፉ የሥነ ሕዝብ ሙሉ ማስታወሻ ነው ብላችሁ አትጠብቁ። ሰው የሚወድቅባቸውን ቦታዎች ብቻ ነው የማነሳው።

በዚያው ከተማ እንቀጥል። 6,000 ልደት ለ200,000 ሰው ሲካፈል ጥሬ የውልደት መጠኑ ከ1,000 ሰው 30 ነው። 1,600 ሞት ሲካፈል ጥሬ የሞት መጠኑ 8 ነው። ልዩነታቸው 22፣ በመቶኛ 2.2 ነው፤ የተፈጥሮ ዕድገት የሚባለው ይኼ ነው። 70ን ለ2.2 ብታካፍሉ 32 ገደማ ይመጣል። ዕድገቱ በዚሁ ከቀጠለና ፍልሰት ከሌለ ከተማው በ32 ዓመት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። አደራ፣ 70 የሚካፈለው ለመቶኛው ነው። ለ22 ያካፈለ ተማሪ አስጠንቻለሁ፤ ከተማውን በ3 ዓመት እጥፍ አድርጎት ቁጭ አለ።

«ጥሬ» የተባለበትን ምክንያት ፈታኞች መጠየቅ ይወዳሉ። የውልደቱ ታህት ውስጥ ወንዶች አሉ፣ አሮጊቶች አሉ፣ ሕፃናትም አሉ። አንዳቸውም አይወልዱም። ስለዚህ ታህቱን ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሴቶች ብቻ ስትተኩት አጠቃላይ የወሊድ መጠን ታገኛላችሁ። የዓመቱ አጋማሽ የሕዝብ ቁጥር ለምን ይወሰዳል ቢሏችሁም መልሱ እዚያው ነው። በዓመቱ መጀመሪያ የነበረው ሰው በሙሉ እስከ መጨረሻው አይቆይም፣ መጨረሻ ላይ ያለውም ከመጀመሪያው አልነበረም። የአጋማሹ ቁጥር ሁለቱን ያስታርቃል።

በአማርኛ «መጠን» እና «ምጣኔ» እየተቀያየሩ መግባታቸው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እኔ በማስታወሻዬ «መጠን» የምለው ታህቱ ነገሩ ሊደርስበት የሚችል ሰው ሲሆን ነው። ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ሲነጻጸሩ «ምጣኔ» እላለሁ። የጥገኝነት ምጣኔን ውሰዱ። ከ15 በታችና ከ64 በላይ ያሉት ተደምረው፣ ከ15 እስከ 64 ላሉት ይካፈላሉ። 45 በመቶ ልጅ፣ 3 በመቶ አዛውንት፣ 52 በመቶ ለሥራ የደረሰ ሰው ካለ 48 ለ52 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 92 ገደማ ነው። ላዕሉ በታህቱ ውስጥ ስለሌለ ከ100 ሊያልፍም ይችላል። የእናቶች ሞትም በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት ነው የሚሰላው። ሟቿ እናት፣ ታህቱ ሕፃናት! ይገርማል፤ ግን እርግዝናን በሙሉ ቆጥሮ መጨረስ ስለማይቻል ልደት ተተክቶ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚፈራው ልምጣ፣ ወደ ቲኤፍአር። አንዲት ሴት በመውለጃ ዕድሜዋ በአማካይ ትወልዳለች ተብሎ የሚሰላው የልጅ ብዛት ነው። እስክሪብቶ አንሡ። ከ15 እስከ 19 ያሉ ሴቶች ከ1,000 60 ወለዱ። ከ20 እስከ 24 ያሉት 180። ከዚያ በየአምስት ዓመቱ 200፣ 160፣ 100፣ 40፣ መጨረሻ ከ45 እስከ 49 ያሉት 10። ደምሯቸው፣ 750 ይመጣል። እዚህ ላይ ቁሙ። እያንዳንዱ ቁጥር የአንድ ዓመት ውልደት ነው፣ ሴቲቱ ግን በየዕድሜ ክልሉ አምስት ዓመት ትቆያለች። ስለዚህ በ5 ይባዛል፣ 3,750 ይሆናል። ለ1,000 ሴት ነው፤ ለአንዲት ሴት 3.75 ልጅ።

በ5 ማባዛት የረሳ 0.75 ያገኛል። ድሮ እንዲህ ያለ መልስ ሲመጣ «የማይሆን ነገር ነው» ብለን ተመልሰን እናስተካክል ነበር። ዘንድሮ ያ መከላከያ የለም። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2023 0.72 ላይ ወርዳለች። የተሳሳተው መልስ እውነት መስሎ ይቀመጣል ማለት ነው።

ደግሞ ልብ በሉ፣ 3.75 ልጅ የወለደች ሴት የትም የለችም። ልጅ በግማሽ አይወለድም ማለቴ አይደለም። የዛሬዋ የ17 ዓመት ልጅ 47 ሲሞላት እንደ ዛሬዎቹ የ47 ዓመት ሴቶች እንደምትወልድ ገምተን ነው የደመርነው። የአንድ ዓመትን ፎቶ አንሥተን የአንዲት ሴት የሕይወት ታሪክ አስመሰልነው። የዓመት እይታ እና የትውልድ እይታ ልዩነት ይኼ ነው። ሴቶች መውለድን ወደ ኋላ ሲገፉት የዓመቱ ቲኤፍአር ይወድቃል፤ በስተመጨረሻ የሚወልዱት ልጅ ብዛት ግን ላይቀንስ ይችላል።

ሁለት ወላጅ በሁለት ልጅ ይተካል፤ ታዲያ የመተኪያው ልክ ለምን 2.1 ሆነ? ሁለት ምክንያት አለ። በተፈጥሮ ለ100 ሴት ሕፃናት 105 ያህል ወንዶች ይወለዳሉ፣ ልጅ የምትወልደው ደግሞ ሴቷ ናት። ከተወለዱት ሴቶችም ሁሉም ለመውለጃ ዕድሜ አይደርሱም። ሞት በበዛበት አገር 2.1 አይበቃም። የእኛን 3.75 በ100 አባዝታችሁ ለ205 ስታካፍሉ 1.83 ይመጣል፤ ሴት ልጆችን ብቻ የሚቆጥረው ጥቅል የመተካት መጠን ነው። ከዚህ ላይ የሴቶቹ ሞት ሲቀነስ የተጣራው ይገኛል። የተጣራው 1 ከሆነ እናት በአንድ ሴት ልጅ ተተካች ማለት ነው።

የወንዶቹን መብዛት ከመዝገብ ለቅሞ ያወጣው ጆን ግራውንት ዶክተር ወይም ፕሮፌሰር አልነበረም። የለንደን የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሌላው ሰው አንብቦ የሚጥለውን ሳምንታዊ የሟቾች ዝርዝር ሰብስቦ፣ አመሳክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1662 መጽሐፍ አሳተመ። የሥነ ሕዝብ አባት የሚሉት እሱን ነው። እኔ በጣም እወደዋለሁ።

ወደ ሞት እንመለስ። «የጃፓን ጥሬ የሞት መጠን ከብዙ ድሃ አገሮች ለምን በለጠ?» የምትል ጥያቄ ተደጋግማ ትመጣለች። መልሱን በቃል ከመሸምደድ አንዴ ሠርቶ ማየት ይሻላል። «ሀ» የምንላት አገር 30 በመቶ ሕዝቧ ከ60 ዓመት በላይ ነው። ከ60 በታች ካሉት ከ1,000 2 ይሞታሉ፣ ከአዛውንቶቹ 35። ጥሬው መጠን 11.9 ይመጣል። «ለ» ውስጥ አዛውንቱ 5 በመቶ ብቻ ነው። ከወጣቶቹ 4፣ ከአዛውንቶቹ 50 ይሞታሉ። ጥሬው መጠን 6.3 ነው። በየትኛውም ዕድሜ ላይ «ለ» ውስጥ መኖር የባሰ ነው፤ ጥሬው ቁጥር ግን ግማሽ ገደማ ሆነ። አሁን ሁለቱንም 15 በመቶ አዛውንት አላቸው ብለን በአንድ ልክ እንስፋቸው። «ሀ» 6.95፣ «ለ» 10.9። እውነቱ ወጣ። በዕድሜ ማመጣጠን ማለት ሁለቱን አገሮች በአንድ ዓይነት ታህት መለካት ነው።

ሲወለድ የሚጠበቅ ዕድሜን በተመለከተ «የዕድሜ ጣሪያ» የሚለው አባባላችን ራሱ ያሳስታል። ጣሪያ አይደለም፣ አማካይ ነው። አሥር ሰው ተወልዶ አራቱ ወዲያው ቢሞቱ፣ ስድስቱ 65 ቢደርሱ አማካዩ 39 ነው። በ39 ዓመቱ የሞተ አንድ ሰው ፈልጉልኝ! የመጀመሪያ ልደቱን ያከበረ ልጅ ገና 64 ዓመት ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሕፃናት በብዛት በሚሞቱበት ቦታ በ1 ዓመት ላይ የሚጠበቀው ቀሪ ዕድሜ ሲወለድ ከሚጠበቀው ይበልጣል። ይኼ ጥያቄ ብዙ ተማሪ ያስጨንቃል። የሕይወት ሠንጠረዥም ከዚህ የራቀ ነገር አይደለም። 100,000 ሰው ታስነሣላችሁ፣ በየዕድሜው የመሞት ዕድሉን እያባዛችሁ ትቀንሳላችሁ። የመጀመሪያው ዓመት ዕድል 0.04 ከሆነ 4,000 ሞተው 96,000 ያልፋሉ። ቀጣዩ ዕድል የሚባዛው በ96,000 ነው፣ በ100,000 አይደለም። እንደገና «ከማን?»

ፍልሰትን በአጭሩ። የሕዝብ ሂሳብ ሚዛኑ የሚሞላው በአራት ነገር ነው። ልደት ይደመራል፣ ሞት ይቀነሳል፣ ፈልሶ የገባ ሰው ይደመራል፣ ፈልሶ የወጣ ይቀነሳል። የጂኦግራፊ ምሁሩ ራቨንስታይን እ.ኤ.አ. በ1885 አብዛኛው ፈላሽ አጭር ርቀት እንደሚሄድ ጻፈ። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ኤቨረት ሊ እ.ኤ.አ. በ1966 ገፊና ሳቢ ምክንያቶችን አስቀመጠ፣ በመካከል ያሉ እንቅፋቶችንም ጨመረ። ተማሪ ገፊና ሳቢን አይስትም፤ የሚረሳው እንቅፋቶቹን ነው።

ከንድፈ ሐሳቦቹ የማልተስን ብቻ ላንሣ፣ ምክንያቱም ትርጉም ላይ ሰው ይጠመዳል። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ማልተስ እ.ኤ.አ. በ1798 ሕዝብ በብዜት፣ ምግብ ግን በመደመር ያድጋል አለ። የሕዝብን ዕድገት የሚገቱትን ማመጣጠኛዎች «ፖዘቲቭ» እና «ፕሪቬንቲቭ» ብሎ ከፈላቸው። አንድ የማስጠናው ልጅ ፖዘቲቩን «መልካሙ ማመጣጠኛ» ብሎ ተርጉሞ ጋብቻን ማዘግየት ሥር ጻፈው። ተቃራኒው ነው። ፖዘቲቭ ያለው ረሃብን፣ ወረርሽኝንና ጦርነትን፣ ማለትም የሞትን መጠን የሚጨምሩትን ነው። ማግባትን ማዘግየት ፕሪቬንቲቩ ነው፣ ውልደትን ይቀንሳል። የእርግዝና መከላከያን እሱ ራሱ አልደገፈም፤ ያንን ያመጡት በኋላ የተነሡት አዲሶቹ ማልተሳውያን ናቸው። ዴንማርካዊቷ የምጣኔ ሀብት ምሁር ቦስረፕ እ.ኤ.አ. በ1965 ነገሩን ገለበጠችው። ሕዝብ ሲበዛ ገበሬው የአስተራረሱን ዘዴ ለመለወጥ ይገደዳል አለች።

የሥነ ሕዝብ ሽግግርን ደረጃዎች ሁሉም ያውቃቸዋል። መጀመሪያ ሞት ይወርዳል፣ ቆይቶ ውልደት ይከተላል፣ በመካከሉ ሕዝብ ይፈነዳል። የማይጻፈው ሞመንተም ነው፤ ውልደት ከወረደም በኋላ ሕዝብ ለዓመታት ማደጉን የሚቀጥልበት ግፊት። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከመተኪያው ልክ በታች ነበረች፤ ሕዝቧ መቀነስ የጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ቀደም ብለው የተወለዱት ብዙ ሴቶች ለመውለጃ ዕድሜ ስለደረሱ፣ እያንዳንዷ ጥቂት ብትወልድም ድምሩ ብዙ ሆነ።

የመረጃ ጥራትን እኔም ሳላነብ አልፈው ነበር፣ ለልምምድ ቤት ለቤት መጠይቅ እስክንወጣ ድረስ። አንድ አባት ዕድሜያቸውን ስጠይቃቸው «50» አሉኝ። ትንሽ ቆይቼ የበኩር ልጃቸውን ዕድሜ ስጠይቅ «40»። ቀና ብዬ አየኋቸው። «እንግዲያው 60 በዪኝ» አሉኝ። 57 ወይም 63 የሚባል ዕድሜ መኖሩ ትዝ ያላቸውም አይመስልም። ዊፕል የሚባለው መለኪያ የሚይዘው ይኼንን ነው። ከ23 እስከ 62 ያሉትን ወስዶ በ0 እና በ5 በሚያልቁ ዕድሜዎች ላይ የተከመረውን ያያል። ክምችት ከሌለ 100፣ ሁሉም እዚያ ከተከመረ 500። መጠይቄ ላይ 60 ብዬ ጻፍኩ። ምን ላድርግ?

ድጋሚውን ፈተና ስቀመጥ የሕፃናት ሞት ጥያቄ ተመልሳ መጣች። በዚህኛው ዙር ሠንጠረዡ ስድስት ዓምድ ነበረው። የሕዝብ ብዛት፣ የሴቶች ብዛት፣ ጠቅላላ ሞት፣ ምን የሌለ አለ! የሚያስፈልጉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከመጀመሬ በፊት በጠርዙ ላይ በእርሳስ «ከማን?» ብዬ ጻፍኩ፣ ስጨርስ አጠፋዋለሁ ብዬ። ረሳሁት። ወረቀቱ ሲመለስ ከቃሏ ጎን በቀይ እስክሪብቶ የራይት ምልክት ተደርጎባታል።