ሪቨርስ ሲገባ

ሦስት ዓመት ገልባጭ ነድቻለሁ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ ካባ (ድንጋይና አፈር የሚወጣበት ቦታ) ላይ። ሰው ስለ ካባ አደጋ ሲያወራ ቶሎ የሚያነሳው ፍጥነት ነው፣ ሲኖ ከሆነማ "ቀይ ሽብር" ይልህና ወሬው እዛ ላይ ያልቃል። አስፋልት ላይ እሺ። ካባ ውስጥ ግን እኔን ያስደነገጠኝ ሁሉ የሆነው በሪቨርስ ነው፣ መኪናው ከእግረኛ ሳይፈጥን።

ሐምሌ ነው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ፣ የደብረ ብርሃንን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል። ገረጋንቲ (ድንጋይ የተቀላቀለበት አፈር) ልደፋ ወደ ጠርዙ በሪቨርስ እየገባሁ ረዳቴ በግራ ስፖኪዮ ይታየኛል፣ በእጁ ና ና ና ይለኛል፣ ከዛ ጠፋ። መቆም ሲገባኝ "መቼም አለ" ብዬ ትንሽ ለቀቅኩት። ጎማ ለስላሳ አፈር ሲረግጥ መጀመሪያ የሚሰማህ ወገብህ ላይ ነው። ፍሬን ያዝኩ። ወርጄ ሳይ የኋላ ጎማ ከጠርዙ አንድ ክንድ አይሞላም፣ አፈሩ ሌሊት በዘነበው ተሰንጥቋል። ረዳቴስ? ከጎማው ስር ድንጋይ ሊያነሳልኝ ጎንበስ ብሎ ነበር እኮ!

ዶዘር ላይ ያሉት ጋሼ አይተው ተቆጡኝ፣ "ጠርዝ ድረስ ማን ና አለህ፣ ወደዚህ ድፋው እኔ እገፋዋለሁ"። ትክክለኛው አሰራርም ይሄው ነው። ካሶኒ (ጭነቱ ያለበት ሳጥን) ሲነሳ ክብደቱ ሁሉ ወደላይ ስለሚወጣ ትንሽ ያጋደለ መሬት ይበቃዋል።

ሌላው ጠርዝ ላይ የሚከመረው የአፈር ክትር ነው። የአሜሪካ የማዕድን ደንብ ቢያንስ እዛ መንገድ ላይ የሚሄደው ትልቁ መኪና አክስል ድረስ ይቁም ይላል። የሲኖ ጎማ ከ1 ሜትር ትንሽ ስለሚበልጥ ከግማሽ ሜትር በላይ ማለት ነው፣ ሎደር ካለ ግን በሎደሩ ነው የሚለካው። እኛ ጋ የነበረው ቁርጭምጭሚት አይደርስም፣ እሱም በክረምት ይታጠባል።

ከዛ ቀን በኋላ ከረዳቴ ጋር ተስማማን፣ ከስፖኪዮ ከጠፋ እቆማለሁ፣ ድንጋይ ማንሳት ካለበት መጀመሪያ መኪናው ይቆማል፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ እሱ ይገባል። ፎርማኑ ቢት፣ ማለት የቀኑ ምልልስ፣ ቀነሰ ብሎ አጉረመረመ (ቢት የሚቆጠረው ለሱም ነው)። የሪቨርሷ ጩኸት ግን ገመዷ ተቆርጦ ነበር፣ ካምፕ የሚያድሩት እንቅልፍ ነሳችን ብለው። በራሴ ብር አስቀጠልኳት። በሳምንቱ ደግመው ቆረጧት።