ጉርሻ ስንት ግራም ነው?

ነገሩ የጀመረው በፎቶ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ይዤ ፋሲል ግንብ ሳስጎበኝ፣ አንደኛው «እስኪ እዚያ ጋ ቁም» ብሎ አነሳኝ። ማታ ስልኬ ላይ አየሁት። የዐፄ ፋሲለደስ ግንብ በየማዕዘኑ አንድ፣ በድምሩ አራት ባለ ጉልላት ማማዎች አሉት። ፎቶው ላይ ብቆጥር ብቆጥር ሦስት ናቸው። አራተኛው እኔ ጀርባ ነው።

በማግስቱ ፒያሳ መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ ጋ ሄድኩ። ቁጥሩን አይቶ ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ ጫማዎን ቢያወልቁስ?»

አወለቅኩ። 91 ኪሎ። ከጫማ ጋር ስንት እንደነበር አልነግራችሁም።

የአክስቴ ልጅ ነርስ ናት። ደወልኩላት። «ስፖርቱን ቆይተህ ትደርስበታለህ፤ መጀመሪያ የምትበላውን በሙሉ ጻፍ» አለችኝ። «በሙሉ» የምትለዋን ቃል ያኔ ልብ አላልኳትም።

ደብተር ገዛሁ። ስልኬ ላይም ካሎሪ የሚቆጥር አፕ ጫንኩ። አፑ ጎበዝ ነው፣ ግን ሐበሻ አይደለም። ዶሮ ወጥ ብዬ ስጽፍለት «ስንት ኩባያ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዶሮ ወጥ በኩባያ የጠጣ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። እንጀራ ስል «ስንት ቁራጭ?» አለኝ። ቁራጩ የማን ቁራጭ እንደሆነ ግን አይልም። እንደምንም ተግባባን። ሽሮ አንድ ጭልፋ፣ እንጀራ አንድ፣ ጠላ አንድ ብርጭቆ፣ ቆሎ አንድ እፍኝ። በቀን 1,400 ካሎሪ። ማታ ማታ ደግሞ ከፒያሳ ጥምቀተ ባሕር ድረስ በእግሬ ደርሶ መልስ፣ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ። ባጃጅ ሲያንጓጥጥብኝ እንኳ ዞር ብዬ አላየሁም።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ኖርኩ። ከዚያ ልጁ ጋ ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ ጫማዬን ሳልጠየቅ አወለቅኩ። 92 ኪሎ ከ300።

ልጁ ዝም አለ። ቆይቶ «ሚዛኑ ትንሽ ያበዛል መሰለኝ» አለኝ። እግዜር ይስጠው።

ደብተሬን ይዤ የአክስቴ ልጅ ጋ ሄድኩ። ገለጠችው። ገለጠችው። «ይሄ ያንተ ነው ወይስ የባሕታዊ?» አለች።

«የኔ ነው።»

«ዘይቱስ?»

«የምን ዘይት?»

«ሽሮው በምን ተሠራ? በጸሎት?»

እውነቷን ነው፤ ትንሽ ጸሎትም አለበት። አከራዬ እማማ ዘይት በማንኪያ አይለኩም። ጀሪካኑን ዘንበል ያደርጉና «በስመ አብ ወወልድ…» ይጀምራሉ። «አሜን» ሲሉ ያቀናሉ። ቸኩለው ከሆነ ሽሮው ደረቅ ይላል። የአክስቴ ልጅ አሰላችልኝ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ጥምቀተ ባሕር ደርሼ ስመለስ የማቃጥለው እንግዲህ ሁለት ማንኪያ ቢሆን ነው። የእማማ «አሜን» ደግሞ ሩቅ ነው። «55 ቀን ዐቢይን ጾሞ ፋሲካ ላይ ወፍሮ የሚወጣ ሰው አይተህ አታውቅም?» አለችኝ። አይቻለሁ። በመስታወት።

ወደ ቆሎው አለፈች። አፑ ላይ «ሽምብራ» ብዬ የመጣልኝን ቁጥር ነበር የምሞላው፤ 100 ግራም፣ 164 ካሎሪ። ለካ የተቀቀለው ነው። ንፍሮ ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ነገር ነው። ቆሎ ግን ደረቅ ስለሆነ በዚያው ሚዛን ከእጥፍ በላይ ይይዛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቆሎ እየቆረጠምኩ ንፍሮ እጽፍ ነበር።

«ጠላውስ? እሑድ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠህ አንድ ብርጭቆ?»

እዚህ ላይ ተከራከርኳት። እማማ ብርጭቆ ሳይጎድል ነው የሚሞሉት። ብርጭቆዬ ከጠዋት እስከ ማታ አንዴም ባዶ አልሆነም። ያላለቀን ነገር ሁለተኛ ብዬ እንዴት ልጽፍ?

«ጉርሻስ የት አለ?»

«ጉርሻማ አይጻፍም።»

«ለምን?»

«በገዛ እጄ አልበላሁትማ!»

መርፌ ፈርቶ ከአልጋ የወረደ በሽተኛ እንደምታይ አየችኝ። ከዚያ ስለ አንድ ጥናት አወራችኝ። በፈረንጆቹ 1992 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ነው። «ብዙም አልበላም፣ ግን አልቀንስም» የሚሉ ሰዎችን በትክክል ሲለኩ፣ በአማካይ ከሚበሉት 47 በመቶውን አስቀርተው ነው የሚናገሩት። እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ በግማሽ ያህል ጨምረው ያወራሉ። «አሜሪካኖቹ ጉርሻ እንኳ የላቸውም» አለችና፣ የራሷን የኩሽና ሚዛን ከጓዳ አውጥታ ሰጠችኝ። መጽሐፍ የምታህል፣ በባትሪ የምትሠራ። «ከዛሬ ጀምሮ በግምት የለም።»

በማግስቱ ምሳ ቤት ገባሁ። በየዓይነቱ አዘዝኩ። ሚዛኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ ወደ ዜሮ መለስኳት፣ ጥቅል እንጀራውን አነሳሁና ጫንኩ። 134 ግራም። ጻፍኩ። አስተናጋጇ ቆማ አየችኝና ፈጥና ወደ ውስጥ ገባች። ብዙም ሳይቆይ ባለቤቱ እጁን እየጠረገ መጣ።

«ከንግድ መምሪያ ነው?»

«ኧረ አይደለም፣ ለራሴ ነው።»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለ። ምንም አልገባውም። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሌላ እንጀራ መጣ፤ ይሄኛው 210 ግራም። ቀጥሎ ያላዘዝኩት ጥብስ ከነጭሱ። ሒሳብ ስል «ተዘግቷል ጌታዬ» ተባልኩ። ትቼ ልነሳ ነበር። ግን እህል ነው፤ ጥሎ መሄድ ነውር ነው። ያን ቀን ደብተሬ ላይ ስሕተት የለም። የበላሁት ብቻ የሁለት ሰው ነው።

የባሰው የመጣው በ12 ነው። እማማ የሚካኤል ዝክር አላቸው። ሚዛኗን ጃኬቴ ውስጥ ሸጎጥኩና ገባሁ። መሶቡን ስድስት ሆነን ከበብነው። የጋራ እንጀራ እንዴት ይመዘናል? በዓይኔ ድንበር አሰመርኩ። ከዚህ እስከዚህ የኔ፣ ከዚያ ወዲያ የመምሬ። መምሬ ግን ድንበር አያከብሩም፤ ሁለት ጊዜ ተሻግረው ገቡ። በልቤ ቀነስኩ።

ይኼኔ እማማ ከኋላ መጡ። እጃቸው ላይ ቡጢ የሚያህል ጉርሻ፤ ከእንጀራው መሐል ግማሽ እንቁላል ብቅ ብሏል።

«በል እንካ፣ አፈር ስሆን!»

«እማማ… አንዴ እዚህች ላይ ቢያሳርፉልኝ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። የሚጠጣው ሰውዬ ብርጭቆውን አፉ ላይ እንደያዘ ቀረ። እማማ ሚዛኗን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጉርሻውን ቀስ አድርገው አሳረፉት።

«ምን ትላለች?»

«83 ግራም፣ እማማ።»

«ትልቅ ነው ትንሽ?»

እዚህ ጋ ነው ያበላሸሁት። ትልቅ ብላቸው ጠገብኩ ማለቴ ነው፤ ትንሽ ብላቸው ሰደብኳቸው። መሐሉን ያዝኩ።

«መካከለኛ ነው።»

«መካከለኛ!» ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «በቤቴ! በሚካኤል ቀን! መካከለኛ!»

ሁለተኛው ጉርሻ መጣ፤ 112። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል እሱን መቃወም አልቻልኩም። ሦስተኛውን መምሬ መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው አነበቡት። «መቶ አርባ!» እልልታው ቀለጠ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። አንዱ «የኔስ ስንት ይመጣል?» ይላል። ጎረቤቷ ደግሞ ከሱ ላለማነስ አይብ ትጨምርበታለች። ሁሉም ይመዝናል፤ የተመዘነው ሁሉ መድረሻው አንድ አፍ ነው። ዘጠኝ ጉርሻ፣ 871 ግራም። እያንዳንዱን ጽፌዋለሁ። የአክስቴ ልጅ ገጹን አይታ «አሁን ገና ጻፍክ» አለችኝ።

ሚዛኗ እስካሁን አልተመለሰችላትም። እማማ «ለቅቤ ትሁነኝ፣ ነገ እመልሳለሁ» ብለው ወሰዷት። በዚያው ቅዳሜ፣ ቅዳሜ ገበያ አንድ ኪሎ ብለው የገዙት ቅቤ ቤት መጥቶ ሲመዘን 860 ሆነ። ሚዛኗን በነጠላቸው ጠቅልለው ተመለሱ። ሻጩ ምን እንዳለ አላውቅም፣ 140 ግራሟ ግን መጥታለች። ከዚያ ወዲህ ግቢው ውስጥ ቅቤም በርበሬም ቡናም ሳይመዘን ጓዳ አይገባም።

ትናንት ልጠይቃቸው ገባሁ። ሚዛኗ ረከቦቱ አጠገብ ናት፤ ላይዋ ላይ በርበሬ ተቆልሏል።

«እማማ፣ ሚዛኗን የአክስቴ ልጅ…»

«ቁጭ በል አንተ፣ አቦል ደርሷል።»

ቁጭ አልኩ። ስኳሩን ራሳቸው ጨመሩልኝ፤ ማንኪያው ላይ ክምር አድርገው፣ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ። ቶና ተደገመ። በረካም መጣ። ማታ ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ።

ቡና፦ 3 ሲኒ። ስኳር፦ በእማማ እጅ።