እንግጫና የጭቃ ፈረስ

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ላይ ተማሪዎች «የአካባቢያችን በዓላት» ብለው ያዘጋጁትን የሥዕልና የእጅ ሥራ ዐውደ ርእይ አየሁ። ብዙው ጀበናና ሲኒ ነው። በዓል ሲባል የሁላችንም እጅ ለምን ወደ ጀበና እንደሚሮጥ እንጃ!

አንዲት ልጅ ግን አስቆመችኝ። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ልጃገረዶች መስክ ወርደው እንግጫ የሚባለውን ሣር ሲነቅሉ ነው የሠራችው። ሣሩን በቀለም አልሳለችውም። እንግጫውን ራሱን አድርቃ፣ ጎንጉና፣ ካርቶን ላይ በኮላ ለጥፋዋለች፤ የሥሩን አፈር በጥርስ ብሩሽ አራግፋ ነጩን አውጥታዋለች። አደይ አበባው ደግሞ ከቢጫ ፌስታል የተቆረጠ ነው። «ለምን እውነተኛውን አላደረግሽም?» ብላት «እሷማ ትረግፋለች ጋሼ» አለችኝ። ምን ልበል!

ከእንጅባራ አካባቢ የመጣ ልጅ በየዓመቱ ጥር 23 የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል በጭቃ ሠርቶታል። የፈረሰኞቹ ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ይዘክራል። ልጁ ይህን ሁሉ እንደ ውኃ ጠጥቶታል። ግላሱን፣ የፈረሱን የጌጥ ልብስ፣ በቀይና በቢጫ ክር ጠልፎ፣ እርካቡን ከሽቦ ጠምዝዞ ሠርቷል። የአንዱ ፈረስ እግር ባጃጅ ላይ ተሰብሮበት በክብሪት እንጨት ደግፎታል፤ ለእኔ እንዲያውም የሚጋልብ አስመስሎለታል።

ነገ ሁሉም ተነቅሎ ወደየቤቱ ይሄዳል አሉ። እነዚህን ሁለቱን እንኳ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቢያስቀምጣቸው ምን ነበረበት? ርእሰ መምህሩን ጠይቄያለሁ፣ «እናያለን» ብለውኛል። ፎቶዎቹን ከታች አድርጌያለሁ፤ እንግጫ ነቅላችሁ ያደጋችሁ እስቲ ኮሜንት ላይ ብቅ በሉ።